አሮጌ ላንድ ክሩዘርን ባገለገለ ዕቃ ማሻሻል፦ ከፊት ፍሬን ጀምሩ

ላንድ ክሩዘር 40 እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ተመርቶ አበቃ። እኛ ዘንድ ግን ሥራው አላበቃም። ዛሬም እህል ይጭናል፣ ጭቃ ይሻገራል፣ ሌላ መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ይደርሳል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና ማደስ የብዙ ባለንብረት ጉዳይ ሆኗል። እዚህ የምጽፈው ከአንድ ከቆመ መኪና ላይ ዕቃ ፈትቶ ለ40 እንዴት ማዋል እንደሚቻል ነው። ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለፊት ፍሬን ነው።

ብዙ ሰው መኪናዬን ላሻሽል ሲል ቀድሞ የሚያስበው ጉልበት ነው፦ ትልቅ ሞተር፣ ቱርቦ፣ አምስት ማርሽ። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል አልስማማም። የቀደሙት 40ዎች በአራቱም ጎማ ያላቸው የታምቡር ፍሬን ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ፣ ወይም ከደባርቅ የሊማሊሞን ቁልቁለት ስትይዙ ፍሬኑ ደጋግሞ ይረገጣል። ታምቡሩ ይግላል፤ ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል። ፔዳሉ በየኩርባው ወደ ታች ይወርዳል፤ ሸራውም በሙቀቱ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ወንዝ ከተሻገራችሁ በኋላ ደግሞ ታምቡር ውስጥ የገባው ውሃ ቶሎ አይወጣም፤ አንዱ ጎማ ቀድሞ ይይዝና መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ዲስክ ግን ገላጣ ስለሆነ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፣ ውሃውን ሸራው ራሱ ይጠርገዋል፣ ሲግልም የሚሰፋው ወደ ሸራው ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለዚህ ይዋል። ጉልበት የተጨመረበት ባለ ታምቡር መኪና ቁልቁለቱ ላይ ከበፊቱ ፈጥኖ ይደርሳል፤ የሚያቆመው ኃይል ግን ያው የድሮው ነው።

ዕቃው ከየትኛው መኪና ይፈታ?

ለ40 የቅርብ ዘመዱ ላንድ ክሩዘር 60 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 የተሠራው። ኤፍጄ60፣ ቢጄ60፣ ኤችጄ60 እየተባለ የሚጠራው በሞተሩ ነው። ለፍሬን ሥራ የሞተሩ ዓይነት ለውጥ የለውም፤ ሁሉም ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ናቸው። የፊት አክስላቸውም እንደ 40 ወጥ ነው፤ ጫፉ ላይ ኳስ አለው፣ ኳሱን ናክል ያቅፈዋል (ናክል የምለው መሪው ሲዞር ጎማውን ይዞ የሚዞረውን ትልቁን ብረት ነው)። ሁለተኛው አማራጭ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1985 የተሠራ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ከፊት ባሌስትራ ያለው ሃይሉክስ ነው። የፊት ናክሉና ፍሬኑ ከላንድ ክሩዘር ጋር አንድ ዓይነት ንድፍ ስላላቸው ይሄዳል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ እንጂ አትቀላቅሉ። የሃይሉክስን ዲስክ ከ60 ሞዞ (ዲስኩና ጎማው ከሚታሰሩበት የሚሽከረከር ብረት)፣ የ60ን ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠውን) ከሃይሉክስ ናክል ለማጋባት መሞከር ማለቂያ የሌለው ሥራ ነው።

በአንድ እይታ የሚለይ ምልክት አለ፦ የጎማ ዳዶ ቁጥር። 40፣ 60 እና አሮጌው 75 ስድስት ዳዶ አላቸው፤ የዳዶዎቹ ክብ ስፋትም 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የወጡት 78 እና 79 ባለ አምስት ዳዶ ናቸው። ሻጩ «ላንድ ክሩዘር ላንድ ክሩዘር ነው፣ ይገጥማል» ቢላችሁም ቁጠሩ።

የ60ን የፊት አክስል ሙሉውን አውጥቶ 40 ላይ መግጠም የሚያጓጓቸው አሉ። አይመከርም። አክስሉ ከ40 ይሰፋል፣ የባሌስትራ መቀመጫውም ቦታው ሌላ ነው፤ ቆርጦ መበየድ ሊመጣ ነው። የምንፈልገው ከናክሉ ወደ ውጭ ያለውን ብቻ ነው።

የመሪ ጎንንም ጠይቁ። ከጃፓንና ከኬንያ የሚመጣ ዕቃ ቀኝ መሪ ከሆነ መኪና የተፈታ ሊሆን ይችላል። ሞዞና ዲስክ ላይ ችግር የለውም፤ የመሪ ሳጥን፣ ከናክሉ በላይ የሚታሰረው የመሪ ክንድ፣ የፔዳል መቀመጫና ዳሽቦርድ ላይ ግን ገንዘብ ያስበላል።

የት ይገኛል?

አዲስ አበባ ላይ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። ወደዚያ ስትሄዱ የራሳችሁን አሮጌ ዕቃ ወይም ጥርት ያለ ፎቶና ልክ ይዛችሁ ሂዱ። ደላላው ዕቃውን ሊያመጣላችሁ ይሮጣል እንጂ ልኩን አያውቀውም፤ ማወቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት «ካልገጠመ እስከ መቼ ትመልስልኛለህ?» ብላችሁ ተስማሙ፤ ስምምነቱም ደረሰኙ ጀርባ ላይ ይጻፍ። ደረሰኝ አልሰጥም ከሚል ሰው አትግዙ። ከቆመ መኪና ላይ የተሰረቀ ስፖኪዮና መብራት ገበያ የሚወጣው ገዢ ስላለው ነው።

ሁለተኛው መንገድ ጨረታ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች አሮጌ መኪኖቻቸውን በጨረታ ሲያወጡ በአዲስ ዘመንና በሪፖርተር ጋዜጦች ይታወጃል። ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንድ የቆመ 60 ብትገዙ ዕቃው ሁሉ በእጃችሁ ይሆናል፣ ቀሪውንም መሸጥ ትችላላችሁ። ማስታወቂያው ላይ «ቀረጥ የተከፈለበት» ወይም «ያልተከፈለበት» የሚለውን ግን ደጋግማችሁ አንብቡ። ቀረጡ በገዢው ላይ የሚወድቅ ከሆነ ርካሽ የመሰለው መኪና እጅግ ውድ ይሆናል።

በገልፍ አገሮች ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ሻርጃን ታውቁ ይሆናል፤ ያገለገለ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፊ ገበያ አለ። እዚያ የሚበዛው የቤንዚን ላንድ ክሩዘር ነው። ለፍሬን፣ ለመሪና ለሞዞ ጥሩ ነው፤ የናፍጣ ሞተር ዕቃ ፈልጎ ወደዚያ መላክ ግን ድካም ነው።

መኪናው ለምን ቆመ?

ዕቃውን ከማየታችሁ በፊት የመኪናውን ታሪክ ጠይቁ። ሞተሩ የተቃጠለና እንደቆመ የቀረ መኪና የፍሬንና የመሪ ዕቃው ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ለእኛ የሚሻለው እንዲህ ያለው ነው። ተገልብጦ የቆመ ከሆነ የአክስሉን ጫፍና ናክሉን ተጠራጠሩ፤ የተጣመመ ብረት ዓይን ላይ ቀጥ ብሎ ሊታይ ይችላል። እሳት የነካውን ጭራሽ አትንኩ፤ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል፣ ኩሽኔታውም አይታመንም።

ከዚያ ወደ ዕቃው። የናክሉ ጀርባ ላይ ኳሱን እዩ፦ ጥቁር ወፍራም ግሪስ ካለ መልካም፤ እንደ ዘይት የቀጠነ ጥቁር ፈሳሽ የሚንጠባጠብ ከሆነ የውስጡ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) አልቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ይህ መኪናውን ውድቅ አያደርገውም፤ ውስጡ ያሉትን ኩሽኔታዎች ግን አዲስ እንደምትገዙ አስቡና ዋጋ ቀንሱ። የዲስኩን ውፍረት በቨርኒየር ለኩ። አነስተኛው የሚፈቀደው ውፍረት ብዙ ጊዜ ዲስኩ ራሱ ላይ ተጽፏል፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉና አንብቡ። ከዚያ በታች የወረደ ዲስክ፣ ወይም ከመሃሉ ወደ ጠርዙ ቀጭን ስንጥቅ ያለው ዲስክ ለቁራሌው ነው። ካሊፐሩ ላይ ፒስተኖቹን በእጅ መሣሪያ ወደ ውስጥ ግፉ። የማይንቀሳቀስ ከሆነ ወይም የፒስተኑ ፊት በዝገት ከተበሳሳ ካሊፐሩን ተዉት። ላዩ ላይ ያለ ዝገት ግን አያስፈራችሁ።

በ40 ምርት ዘመን ውስጥ የፊት አክስሉ ተለዋውጧል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን መኪና አንድ ጎን ፍቱና ሦስት ነገር መዝግቡ፦ የሰሚያሱን (ከዲፈረንሻሉ ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ዘንግ) ጥርስ ብዛት፣ ናክሉ የሚዞርባቸው የላይና የታች ኩሽኔታዎች ላይ የተቀረጸውን ቁጥር፣ እና የመሪ ክንዱ ናክሉ ላይ የሚታሰርባቸውን ብሎኖች ርቀት። ቁጥሩ ከተመሳሰለ ሥራው ይሄዳል። የጥርሱ ብዛት ካልተመሳሰለ ሰሚያሱን ከነጆይንቱ ከዚያው መኪና ጨምራችሁ መውሰድ አለባችሁ፤ ያኔም ርዝመቱንና ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባውን ጫፍ ለኩ።

ዕቃን ከነቤተሰቡ ውሰዱ

የዚህ ሥራ ዋናው ነገር ይህ ነው። ያገለገለ ዕቃ ብቻውን ሲገዛ ርካሽ ይመስላል፤ ከዚያ ለጠፋ አንድ ብሎን ሳምንት ትንከራተታላችሁ። የቶዮታ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን ብዙ ጊዜ የጥርሱ ርቀት 1.25 ነው፤ ብረታ ብረት ሱቅ በብዛት የምታገኙት ደግሞ 1.5 ነው። መጀመሪያ በእጅ ሲዞር የገባ ይመስላል፣ በቁልፍ ሲጠብቅ የናክሉን ጥርስ ይበላዋል። የፍሬን ቱቦ አያያዡም 10 በ1.0 የሆነ ቀጭን ጥርስ ነው። ስለዚህ ከአንድ መኪና፣ ከሁለቱም ጎን፣ የሚከተለውን በሙሉ ውሰዱ፦

- ናክል፣ ስፒንድል (ሞዞው የሚቀመጥበት ባዶ ዘንግ)፣ ሞዞ ከነዲስኩ፣ ካሊፐር፣ የዲስኩ የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ
- የፊት ጎማ መቆለፊያ (ሎክ)፣ ዳዶዎቹና የመቆለፊያ ሮንዴላው
- ናክሉን ከላይና ከታች የሚይዙት ክዳኖችና ክንዶች፣ ከሥራቸው ካሉት ቀጫጭን ሮንዴላዎች ጋር
- የፍሬን ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው)፣ ሰርቮው (የእግርን ርግጫ የሚያግዘው)፣ ወደ ፔዳል የሚሄደው ዘንግ፣ የብረት ቱቦዎቹ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከነአያያዛቸው
- ብሎኑ፣ ዳዶው፣ ማሰሪያው ሁሉ

ቀጫጭኖቹን ሮንዴላዎች አደራ። የላይኛውና የታችኛው ውፍረታቸው ይለያያል፤ ናክሉ በኳሱ መሃል በትክክል እንዲቀመጥ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። የግራ ላይ፣ የግራ ታች፣ የቀኝ ላይ፣ የቀኝ ታች እያላችሁ አራት ትንንሽ ፌስታል ውስጥ ለዩና ጻፉበት።

ማስተሩን የማስጨምራችሁ በምክንያት ነው። ለታምቡር የተሠራ ማስተር ፔዳሉ ከተለቀቀም በኋላ ቱቦው ውስጥ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው፤ ለታምቡር ይጠቅማል። ዲስክ ላይ ግን ያ ግፊት ሸራውን ዲስኩ ላይ እንዳስጠጋ ያስቀረዋል፤ ጎማው ይግላል፣ ሸራው ያልቃል፣ ነዳጅ ይበላል። ካሊፐር ከታምቡር ሲሊንደር የሚበልጥ ዘይት ስለሚፈልግም ትንሹ ማስተር አይበቃውም። ካሊፐሩን ቀይረው ማስተሩን የተዉ ሰዎች «ዲስኩ ይይዛል» እያሉ ጋራዥ ሲመላለሱ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

በፍጹም ያገለገለ የማይገዛም አለ፦ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ የካሊፐርና የማስተር ጎማዎች፣ የፍሬን ሸራ፣ ፓራኦሊዮ፣ ቴስቲና (የመሪ ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ)፣ የደህንነት ቀበቶ። እነዚህን አዲስ ግዙ። የቶዮታ ወኪል ሞኤንኮም ሆነ የታወቀ የመለዋወጫ ሱቅ የዕቃውን ቁጥር ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

አፈታት

ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ከሁለት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ክሪክ ብቻውን መኪና አይሸከምም፤ ሻንሲው ሥር የብረት መቆሚያ አድርጉ፣ የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ ያዙ። የባትሪውን የኔጌቲቭ ገመድ አስቀድማችሁ ፍቱ።

የታሰረ ብሎን ላይ ከአንድ ቀን በፊት ናፍጣ ከሞተር ዘይት ጋር ቀላቅላችሁ አርከፍክፉ። የሞዞው ትልቅ ዳዶ 54 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልኩ የሆነ ቡሽ (የሶኬት ቁልፍ) ተውሳችሁም ቢሆን አምጡ። በካቻቢቴና በመዶሻ እየመቱ መፍታት የተለመደ ነው፣ ግን የዳዶውን ጠርዝ ያበላሻል፣ ስፒንድሉንም ያቆስላል። የመሪ ክንዱ ብሎኖች ሥር ሾጣጣ ቀለበቶች አሉ፤ ክንዱን ከጎኑ በመዳብ ወይም በነሐስ መዶሻ ስትመቱ ብቅ ይላሉ። ብሎኑን ራሱን አትምቱ።

የታምቡርና የሸራ አቧራ በኮምፕረሰር አይነፋም። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ውሃ አርሱና በጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁን በፌስታል አስራችሁ ጣሉ። ይህን ለጋራዡ ልጆችም ንገሯቸው፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ የሚተነፍሱት እነሱ ናቸው።

እጥበትና እድሳት

ብረቱን ሁሉ በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ እጠቡ። የካሊፐሩና የማስተሩ ውስጥ ግን ናፍጣ አይነካም፤ የፍሬን ጎማን ያሳብጠዋል። ለእሱ አልኮል ወይም ንጹህ የፍሬን ዘይት ተጠቀሙ። ካሊፐሩን ፍቱ፣ ጎማዎቹን አዲስ አድርጉ፣ ፒስተኖቹን የፍሬን ዘይት ቀብታችሁ በእጅ ግፉ። በእጅ ካልገባ ጎማው ተጣሞ ተቀምጧል፤ አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ እንጂ አትምቱት። ዲስኩ ከዝቅተኛው ውፍረት በላይ ሆኖ ፊቱ ከተሸረሸረ ቶርኖ ቤት ይስተካከል፤ ሁለቱም በእኩል መጠን ይላጩ።

ኩሽኔታዎቹን ካጠባችሁ በኋላ በብርሃን እዩ። ሰማያዊ ቀለም ሙቀት ነው፣ ነጠብጣብ ውሃ ነው። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ካለ አዲስ ግዙ። ኩሽኔታ ሲቀየር ሞዞው ውስጥ ያለው ቀለበቱም አብሮ ይቀየራል።

ገጠማ

መጀመሪያ ያለ ግሪስና ያለ ፓራኦሊዮ ሙሉውን አንድ ጎን ለሙከራ ግጠሙት። ናክሉ ኳሱ ላይ ይዞራል? የመሪ ክንዱ ከባሌስትራው ጋር ሳይነካካ መሪው እስከ መጨረሻው ይሄዳል? የ60 ክንድ ቅርጹ ከ40 ሊለይ ስለሚችል ሁለቱንም ክንዶች እጃችሁ ላይ አቆዩና ለ40 የመሪ ዘንግ የሚስማማውን ያዙ። ቸርኬውንም አስገቡና አሽከርክሩት። የታምቡር ዘመን ቸርኬ አንዳንዱ ካሊፐሩን ይነካል፤ ይህን አስፋልት ላይ ከማወቅ እዚህ ማወቅ ይሻላል። ቸርኬውን ለማራቅ ብላችሁ የሮንዴላ ክምር አትጨምሩ፣ ቸርኬ ቀይሩ።

ልኩ ከተረጋገጠ በኋላ እውነተኛው ገጠማ እንዲህ ይሄዳል፦

1. የአክስሉን የውስጥ ፓራኦሊዮ አዲስ አስገቡ። ጠርዙን ግሪስ ቀቡት፣ ሰሚያሱ ሲገባ እንዳይቀደድ በእጅ ደግፉ።
2. የኳሱን ፊት በጥሩ የአሸዋ ወረቀት አለስልሱ። የተበሳሳ ኳስ አዲስ ፓራኦሊዮን በጥቂት ወር ይበላል።
3. ናክሉን ከነሮንዴላዎቹ አስቀምጡ፣ ክዳኖቹን አጥብቁ። የመሪ ዘንጉ ሳይታሰር የመንጠቆ ሚዛን ክንዱ ጫፍ ላይ አስገብታችሁ ጎትቱ፤ ናክሉ መዞር የሚጀምርበት ክብደት የጥገና መጽሐፉ በሚለው መካከል መሆን አለበት። ከላላ ሮንዴላ ቀንሱ፣ ከጠበቀ ጨምሩ። መሪው በፍጥነት ሲንቀጠቀጥ ሰው ጎማ ሚዛን ሊያሠራ ይሮጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን የዚህ መላላት ነው።
4. ሰሚያሱን አስገቡ፣ የናክሉን ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህል በሞሊ ግሪስ ሙሉ። ቢጫውን ተራ ግሪስ እዚህ አትጠቀሙ።
5. ስፒንድሉን፣ የአቧራ ቆርቆሮውን፣ ከዚያ ሞዞውን። ኩሽኔታው ውስጥ ግሪሱ በመዳፍ ተጨፍልቆ በሌላው ጎን እስኪወጣ ይሞላ።
6. የውስጡን ዳዶ አጥብቁ፣ ሞዞውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ደጋግማችሁ አሽከርክሩ፣ ዳዶውን አላሉ፣ እንደገና መጽሐፉ በሚለው ልክ አጥብቁ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትወዘውዙት ምንም ጨዋታ መኖር የለበትም፣ ሲሽከረከርም ሊከብድ አይገባም። የመቆለፊያ ሮንዴላውን አንዱን ጥርስ ወደ ውስጠኛው፣ ሌላውን ወደ ውጪኛው ዳዶ እጠፉ። ሮንዴላው ከዚህ በፊት ታጥፎ ከነበረ አዲስ አድርጉ።
7. ካሊፐሩን በራሱ ብሎኖች እሰሩ፣ በባለ መለኪያ ቁልፍ አጥብቁ። የግራና የቀኝ ካሊፐር እንዳይለዋወጥ፤ የአየር ማስወጫው ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ወደ ታች ከሆነ ተለዋውጧል፣ አየሩም በምንም አይወጣም።
8. አዲሱን የጎማ ቱቦ እሰሩ። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማው ተንጠልጥሎ፣ መሪው እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ እያለ ቱቦው መወጠርም መታሸትም የለበትም።

ማስተሩና ሰርቮው የሚታሰሩበት ቀዳዳ ከ40 የፊት ግድግዳ ጋር ላይገናኝ ይችላል። የእናንተ መኪና ደህና ሰርቮ ካለው እሱን ትታችሁ ማስተሩን ብቻ መቀየር ይበቃችሁ እንደሆነ አስቀድማችሁ ልኩን እዩ። በማስተሩና በሰርቮው ዘንግ መካከል ጥቂት ክፍተት መኖሩን አረጋግጡ፤ ዘንጉ ሁልጊዜ እየገፋ ከሆነ ፍሬኑ አይለቅም።

አየር ስታስወጡ ከማስተሩ ከራቀው ጎማ ጀምሩ፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ዶት 3 ወይም ዶት 4 ዘይት፣ ያልተከፈተ ቆርቆሮ። የወጣውን ዘይት መልሳችሁ አትሙሉ።

ሙከራ

ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን አንድ ደቂቃ ያህል አጥብቃችሁ ያዙ። እየሰመጠ ከሄደ ዘይት ወይ በማስተሩ ውስጥ ወይ ውጭ እያፈሰሰ ነው፤ ከግቢ አትውጡ። ፔዳሉን ስትለቁ አራቱም ጎማ በእጅ መዞር አለበት። ከዚያ ሰው በሌለበት ሜዳ በዝግታ። ቀጥሎ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዱ በመካከለኛ ርግጫ ደጋግሞ መቀነስ፣ በመካከሉም እንዲበርድ ማድረግ፤ አዲስ ሸራ ዲስኩን የሚላመደው እንዲህ ነው። ስትመለሱ እጃችሁን ወደ ሞዞዎቹ አስጠጉ። ግራና ቀኙ ተቀራራቢ ሙቀት ካላቸው መልካም ነው። አንዱ ብቻ የሚፈጅ ከሆነ ካሊፐሩ አልለቀቀም፣ ወይም ዳዶው ከመጠን በላይ ጠብቋል።

ከዚያው መኪና የሚወሰድ ሌላ ነገር

ኤች55ኤፍ የሚባለው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ 60 ላይ ካለ ትልቅ ሀብት ነው፤ ረጅም አስፋልት ላይ ሞተሩ እፎይ ይላል። ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ሽፋን ለእናንተ ሞተር መሆኑን አረጋግጡ፤ የቤንዚኑና የናፍጣው አንድ አይደለም። ካምቢዮው ከአራት ማርሹ ስለሚረዝም የኋላው ትራስሚሲዮን (ኃይሉን ወደ ዲፈረንሻል የሚወስደው ረጅም ዘንግ) ማጠር፣ የፊተኛው መርዘም አለበት። ብዙ ሰው የማያስበው ግን የእጅ ፍሬኑን ነው። በቀደሙት 40ዎች የእጅ ፍሬን ያለው ከካምቢዮው ኋላ፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ በሚያከፋፍለው ሳጥን ላይ ነው። 60 ላይ ግን በኋላ ጎማዎች ታምቡር ውስጥ ነው። የ60ን ካምቢዮ ከነሳጥኑ ስትጭኑ የእጅ ፍሬናችሁ አብሮ ይወገዳል። ዳገት ላይ የሚቆም መኪና ያለ እጅ ፍሬን አይነዳም፤ የኋላውን መላ ካላገኛችሁ ካምቢዮውን አትንኩ።

ዲፈረንሻል ለመውሰድ ካሰባችሁ ትልቁ ጥርስ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። 37 በ9 ከሆነ 4.11 ነው፣ 41 በ10 ከሆነ 4.10፣ 37 በ10 ከሆነ 3.70። የፊትና የኋላው እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ ደረቅ መንገድ ላይ ፊቱን ስታስገቡ ካምቢዮው ሊሰበር ይችላል።

ዲናሞና ሞተሪኖ ስትወስዱ ቮልቱን አንብቡ። አንዳንዱ የናፍጣ ላንድ ክሩዘር 24 ቮልት ነው። ሁለት ባትሪ መኖሩ ብቻውን 24 ነው አያሰኝም፤ ገመዱን ተከትላችሁ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ጋር መታሰሩን ወይም ከኔጌቲቭ ጋር መቀጠሉን እዩ፤ 24 የሚሆነው ከኔጌቲቭ ጋር ሲቀጠል ነው። ሶኬቱን ከነገመዱ አንድ ክንድ ያህል አስረዝማችሁ ቁረጡ።

የኃይል መሪ ጥሩ ነገር ነው፣ በተለይ ሰፊ ጎማ ላሰረ ሰው። ነገር ግን ሳጥኑ የሚታሰርበት ሻንሲው ላይ ነውና ብየዳው የሻንሲ ሥራ በሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ይሠራ።

ሞተር መቀየር ከፈለጋችሁ በመጨረሻ አድርጉት፣ ከመግዛታችሁም በፊት ሊብሬያችሁን ክፈቱ። የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር እዚያ ተመዝግቧል፤ ያለ ፈቃድ የተቀየረ ሞተር ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡም ሆነ መኪናውን ስትሸጡ ያስቸግራል። ሻጩ ሞተሩ ከየትኛው መኪና እንደወጣ የሚያሳይ ሰነድና የሽያጭ ውል ይስጣችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ሞተሩ ደከመ ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት የአየር ፊልትሮውን፣ የኖዝሉንና የነዳጅ ፖምፓውን ልክ አስመርምሩ።

የፍሬኑን ሥራ በጨረሳችሁ 500 ኪሎ ሜትር ላይ የናክሉን ክዳኖች፣ የመሪ ክንዱንና የካሊፐሩን ብሎኖች እንደገና በባለ መለኪያ ቁልፍ አጥብቁ። የሞዞውን ጨዋታም ያኔውኑ ፈትሹ። የፈታችሁትን አሮጌ ታምቡርና ሲሊንደር ቢያንስ አንድ ክረምት እስኪያልፍ አታስወግዱ።